የግብ ጠባቂዎች ስብስብ ጥንካሬ ንጽጽር

የግብ ጠባቂዎች ስብስብ ንጽጽር የእግር ኳስ ቡድኖች ያሏቸውን በረኞች ከነተጠባባቂዎቻቸው በአንድነት የሚመዝን ግምገማ ነው። ክለቦች በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ግብ ጠባቂዎችን ያስመዘግባሉ፤ ሜዳ የሚገባው ግን አንዱ ብቻ ነው። ተከላካይ ሲጎዳ አማካዩ ወደ ኋላ ተስቦ ክፍተቱን ይሸፍናል፤ አጥቂ ሲጠፋ የመስመር ተጫዋቹ ወደ ውስጥ ይገባል። በረኛ ሲጠፋ የሚተካው በረኛ ነው። በዚህ የተነሳ የስብስቡ ጥንካሬ በቀዳሚው ተመራጭ ብቃት ብቻ አይለካም። በእሱና በተከታዩ መካከል ያለው ርቀትም ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜም ይበልጥ የሚናገረው ይኸው ርቀት ነው።

የተመልካቹ ክርክር በዚህ መንገድ አይሄድም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ በሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምር፣ እንደ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ባሉ ሰፈሮች ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ የእንግሊዝን ሊግ ሲከታተል የኖረው ሰው የአገሩን በረኞችም በዝግታ እየተደገመ ማየት ቻለ። ኳሱ ከእጁ ያመለጠው በረኛ እግሩን የት ተክሎ እንደነበር፣ ለማዕዘን ምት ወጥቶ በመሀል መንገድ የቀረው መቼ እንዳመነታ ይታያል። ሙግቱ ግን ያው «የማን በረኛ ይበልጣል?» የሚለው ነው። ቀይ ካርድ እስኪመዘዝ ድረስ የሁለተኛውን በረኛ ስም የሚያነሳ የለም።

ከሌሎች ስፖርቶች ለዚህ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው በአሜሪካ ፉትቦል የኳርተርባክ ቦታ ነው። ኳርተርባክ ጨዋታውን ከኋላ ሆኖ የሚያቀናብርና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች ሲሆን እሱም አንድ ጊዜ ከተመረጠ በብቃት ማነስ ካልሆነ ወይም ካልተጎዳ በስተቀር አይቀየርም። እ.ኤ.አ. በ2017 የውድድር ዘመን የፊላደልፊያው ኢግልስ ቀዳሚ ኳርተርባክ ካርሰን ዌንትዝ ሲጎዳ ተጠባባቂው ኒክ ፎልስ ቡድኑን የሊጉ ፍጻሜ ለሆነው ሱፐር ቦውል ድል አብቅቷል፤ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋችም ተብሏል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2023 (ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.) ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮው ፎርቲናይነርስ በግማሽ ፍጻሜ ደረጃ በሚቆጠር ጨዋታ ሁለቱም ኳርተርባኮቹ ተጎዱበትና በኢግልስ 31 ለ 7 ተሸነፈ። የአሜሪካው ሊግ በዚያው ዓመት ሦስተኛ የአደጋ ጊዜ ኳርተርባክ በጨዋታው ቀን እንዲያዝ የሚፈቅደውን ደንብ መለሰ።

ከዚያ ጨዋታ ልክ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በቀኑ ሳይቀር፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ዋልያዎቹ በደቡብ አፍሪካ ሩስተንበርግ ከዚህ የባሰ ነገር ገጥሟቸው ነበር።

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የ2005 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጀማል ጣሰውን ከኢትዮጵያ ቡና፣ ዘሪሁን ታደለን ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሲሳይ ባንጫን ከደደቢት ይዘው ሄዱ። ጥር 13 ቀን በኔልስፕሩት በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ቡድኑ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመ። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ካመለጠበት በኋላ፣ ገና የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ፣ ጀማል ከግብ ክልሉ ወጥቶ በዛምቢያው ቺሳምባ ሉንጉ ላይ በሠራው ጥፋት በቀይ ካርድ ተሰናበተ። ዘሪሁን እንዲገባ አንድ የሜዳ ተጫዋች መውጣት ነበረበት። ለዛምቢያ ኮሊንስ ምቤሱማ ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ አገባ፤ አዳነ ግርማ ከዕረፍት መልስ አቻ አደረገ። በአሥር ሰው የተገኘው አንድ ለአንድ አገሩን በደስታ አናወጠው። ጀማል በቀጣዩ ጨዋታ እንደማይኖር በዚያ ሌሊት ያሰበ ደጋፊ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ጥር 17 ቀን ከቡርኪና ፋሶ ጋር ዘሪሁን ተሰለፈ፤ ቡድኑ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ለንጽጽር የሚጠቅመው ግን በሌላኛው በር የሆነው ነው። ውጤቱ 1 ለ 0 ሳለ የቡርኪናው በረኛ አብዱላዬ ሱላማ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ። ተተኪው ዳውዳ ዲያኪቴ ነበር። ቡርኪናዎች በአሥር ሰው ሦስት ግብ ጨመሩ፤ ዲያኪቴም ከዚያ በኋላ ቦታውን አልለቀቀም። በግማሽ ፍጻሜው ጋናን በመለያ ምት ሲያሸንፉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ በፍጻሜውም በናይጄሪያ 1 ለ 0 እስከተሸነፉ ድረስ ተጫውቷል። በአንድ ምድብ፣ በአራት ቀን ልዩነት፣ ሁለት ቡድኖች ቀዳሚ በረኞቻቸውን በቀይ ካርድ አጡ። አንዱ እስከ ፍጻሜ ዘለቀ፤ ሌላው ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ ወጣ። ልዩነቱ ሁሉ የበረኛ ነው ማለት ስህተት ቢሆንም፣ ስለ ስብስብ ጥልቀት ከዚህ የተሻለ ማሳያ በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

ጥር 21 ቀን በሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር ተራው የሲሳይ ባንጫ ሆነ። ቪክቶር ሞሰስ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ሁለት ግብ አስቆጠረ። ሁለተኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ሲሳይ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። ሦስቱም ቅያሪዎች አልቀው ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። ዋልያዎቹ በሦስት ጨዋታ አራት ሰው በበረኝነት አሰለፉ ማለት ነው።

በአንድ ውድድር ይህን ያህል በረኛ መቀያየር በድሮው ዘመን ሊታሰብ የማይችል ነበር። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ባነሳችበት በ1954 ዓ.ም. ውድድር አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ ይበቃ ነበር። በጥር 13ቱ የፍጻሜ ጨዋታ በአዲስ አበባ ግብፅ 4 ለ 2 ስትሸነፍ በሩን የጠበቀው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። በዓለም ዋንጫ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ስለነበሩ ቡድኖች ሲነሳ በረኛው እንጂ ስብስቡ አይወራም፤ ሁለተኛው በረኛ ከልምምድ ሜዳ ውጪ የሚታይበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረም።

ወደ ሊጉ ሲመጣ የኢትዮጵያ ክለቦች ስብስብ አንድ መለያ ጎልቶ ይወጣል፤ እሱም የውጭ ዜጋ በረኛ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት ዩጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን አሰልፏል፤ ኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲም በኋላ መጥቶለታል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫውን ሲወስድ ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነበረው፤ አጄይ እ.ኤ.አ. በ2009 ጋና ብራዚልን በመለያ ምት አሸንፋ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ስታነሳ በሩ ላይ የነበረ ነው። መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ያሸነፈው ከኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፔ ኦቮኖ ጋር ነው፤ እሱም አገሩ በ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ በረኛዋ ነበር። የ2012 ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ ማሊያዊውን ሚኬል ሳማኬን፣ በ2014 ቅዱስ ጊዮርጊስ ዩጋንዳዊውን ቻርልስ ሉክዋጎን ይዘው ሻምፒዮን ሆኑ። በተከታታይ በተጠናቀቁ አራት የውድድር ዘመኖች ዋንጫው ያለ ውጭ በረኛ አልተነሳም ማለት ነው።

አሰልጣኞች ለዚህ ምርጫቸው የሚሰጡት ምክንያት ልምድ ነው፤ ተሳስተውም አይደለም። ዋንጫ የሚፈልግ ክለብ ወጣት በረኛ እስኪበስል መጠበቅ አይችልም። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ይከፈላል። የውጭው በረኛ ዓመቱን ሙሉ ከተጫወተ ኢትዮጵያዊው ሁለተኛ በረኛ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ያሳልፋል፤ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝም የሚመርጠው ከተቀመጡት ነው። ዘሪሁን ታደለ ራሱ በክለቡ ከኦዶንካራ ጋር ለአንድ ቦታ የሚፎካከር ነበር። በአንጻሩ የግብፅ ሊግ ክለቦች የውጭ በረኛ እንዳያስፈርሙ የሚከለክል ደንብ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በ45 ዓመቱ በዓለም ዋንጫ ተሰልፎ ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነው ኤሳም ኤል ሃዳሪ የወጣው ከዚያ አገር ነው። ክልከላ ብቻውን ኤል ሃዳሪን አይፈጥርም፤ ቢሆንም የደቂቃ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ተክለማርያም ሻንቆን፣ ፋሲል ገብረሚካኤልንና ጀማል ጣሰውን ይዘው ሲሄዱ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የደቡብ አፍሪካው ቁጥር አንድ የነበረው ጀማል አሁንም በስብስቡ ውስጥ ነበር። ይህ የጀማልን ጽናት ያሳያል፤ የተተኪ ማነስንም እንዲሁ።

ንጽጽሩን በቁጥር መሥራት ሲፈለግ የመጀመሪያው ወጥመድ «መረቡን ሳያስደፍር የወጣባቸው ጨዋታዎች» የሚባለው ቁጥር ነው። ጋዜጠኛው የሚወደው፣ ሽልማትም የሚሰጥበት እሱ ነው፤ ነገር ግን ከበረኛው ይልቅ የተከላካዮቹን ሥራ ይለካል። በጨዋታ አንድ ኳስ ብቻ የሚመጣበት በረኛ ስምንት ከሚመጣበት ይልቅ መረቡ ሳይደፈር መውጣቱ አያስደንቅም። የተሻለው መለኪያ ወደ ግብ ከተመቱ ኳሶች ስንቱን አዳነ የሚለው ነው። ከዚህም የረቀቀው ኳሱ ከየት፣ በምን ያህል ኃይልና ወደ የትኛው ጥግ እንደተመታ አስልቶ ከሚጠበቀው በላይ ወይም በታች ስንት ግብ እንደገባበት የሚያሰላው ዘዴ ነው፤ ይህ በአውሮፓ ታላላቅ ሊጎች ዘወትር የሚታተም መረጃ ነው።

የርቀቱን ዋጋ ለማየት ግምታዊ ስሌት ይበቃል። ሊጉ 16 ክለቦች ሲኖሩት አንድ ክለብ 30 ጨዋታ፣ 2,700 ደቂቃ ይጫወታል። ቀዳሚው በረኛ በጉዳትና በካርድ 6 ጨዋታ አመለጠው እንበል፤ በየጨዋታው 4 ኳስ ወደ ግብ ቢመታ 24 ኳስ ይሆናል። ከመቶ 75 የሚያድን በረኛ ቢሆን 6 ግብ ይገባበታል፤ ተተኪው ከመቶ 60 የሚያድን ከሆነ ወደ 10 ይጠጋል። አራት ግብ ብዙ አይመስልም፤ ጨዋታዎች አንድ ለዜሮና አንድ ለአንድ በሚያልቁበት ሊግ ግን አራት ግብ የስድስት ወይም የሰባት ነጥብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ዋንጫ በዚያ ያህል ነጥብ ሲወሰን ማየት የተለመደ ነው።

ቁጥር የማይነግረውን የሰፈር ሜዳ ይነግራል። በኮልፌ ጠጠር ሜዳዎች፣ እንደ ሌላው አዲስ አበባ ሁሉ፣ በር ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዕድሜ ያነሰው ወይም ኳስ የማይችል የሚባለው ልጅ ነው፤ ግብ ሲገባበት ይቀየራል። ሁለት ድንጋይ እንደ ቋሚ በቆመበት አግዳሚ የለም፤ ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ «አውት ነው» «አይደለም» እያሰኘ ያጨቃጭቃል። መሬቱ ጠጠር ስለሆነ ተወርውሮ መውደቅ ክርንና ጉልበት ይልጣል፤ ልጁ ሳይወድቅ ማዳንን፣ ማለትም በእግር መመለስን፣ ይማራል። ኢትዮጵያውያን በረኞች ከመስመራቸው ላይ ፈጣን ሆነው ከላይ በሚሻሙ ኳሶች ላይ ይቸገራሉ የሚለው የቆየ ወቀሳ ሥሩ በከፊል ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ምክንያት ስብስብን የሚያወዳድር ሰው የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙን ከበረኞቹ እኩል ሊቆጥረው ይገባል። 18 ዓመት ሞልቶት የመጣን ወጣት ቁመት መለወጥ አይቻልም፤ ከላይ ለሚመጣ ኳስ መቼ እንደሚወጣ ማስተማር ግን ይቻላል።

በቅርብ ዓመታት ሚዛኑ በጥቂቱ ወደ አገር ውስጥ በረኞች እያዘነበለ ነው። የኢትዮጵያ መድኑ አቡበከር ኑራ ለብሔራዊ ቡድን ከተመረጡት መካከል ነው፤ ክለቡም በ2017 ሻምፒዮን ሆኗል።

የመለያ ምት ለብቻው የሚመዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የኔዘርላንዱ አሰልጣኝ ሉዊ ቫን ጋል 120 ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ያስፐር ሲሌሰንን አስወጥቶ ቲም ክሩልን አስገባ፤ ክሩል ሁለት ምት አድኖ ኮስታሪካን አሸነፉ። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚቻለው ተጠባባቂው በአንድ ነገር ከቀዳሚው ሲበልጥ ነው። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የመለያ ምት የለም፤ በኢትዮጵያ ዋንጫ ግን አለ። አሰልጣኞች ለሁለተኛው በረኛ ደቂቃ መስጠት ሲፈልጉ የሚመቻቸውም ይኸው የዋንጫ ውድድር ነው።