ሃርለም ከላይ ስትታይ

የሆላንድ ምድር ጠፍጣፋ በመሆኑ ከተማን ቁልቁል ለማየት የሚወጡበት ተራራ የለም። ሃርለም ግን በምዕራብ በኩል ነፋስ የከመራቸው የአሸዋ ኮረብታዎች አሏት። በ17ኛው መቶ ዓመት ሠዓሊው ያኮብ ቫን ሩይስዳል የትውልድ ከተማውን ደጋግሞ የሣለው ከዚያ አቅጣጫ ነበር።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ፣ ዛሬ በሄግ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም የሚገኘው፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ትንሽ ሸራ ነው። ሁለት ሦስተኛውን ሰማይና ደመና ይዞታል። በአድማሱ ላይ የሲንት ባቮ ቤተ ክርስቲያን ጎልቶ ይታያል። ሠዓሊው ከኮረብታው ጫፍም ከፍ ብሎ እንደሚያይ አድርጎ ቢሥለውም፣ በመስኩ ላይ የተልባ እግር ጨርቅ እየዘረጉ ለፀሐይ የሚያሰጡትን ሠራተኞች አልዘነጋም። ያ ጨርቅ በአመድ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ በአሬራ ታሽቶ የሚነጣ ነበር፤ ከተማዪቱም በዚህ ሙያ ስመ ጥር ነበረች።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1911፣ በንግሥት ዊልሄልሚና የልደት በዓል፣ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ግንብ ዙሪያ አንድ አውሮፕላን ዞረ። አብራሪው የ21 ዓመቱ ወጣት አንቶኒ ፎከር ነበር። አውሮፕላኑን በብዙ ሽቦ ተወጥሮ የተሠራ በመሆኑ «ሸረሪት» ብሎ ሰይሞታል። የሃርለም ሕዝብ አንገቱን ቀና አድርጎ አየው፤ ወጣቱም ያደገባትን ከተማ ቁልቁል አያት። ለዚህ ያበቃው ድፍረቱ ብቻ አልነበረም። አባቱ በጃቫ ቡና አልምተው የከበሩ ሰው ሲሆኑ፣ የልጃቸውን ሙከራ በገንዘብ የደገፉት እሳቸው ናቸው። ከሸረሪት ሽቦዎች በስተጀርባ እንግዲህ በቅኝ ግዛት ምድር ቡና የለቀሙ እጆችም አሉ።

ፎከር ፋብሪካውን ያቋቋመው በጀርመን ነበር። በ1915 የመትረየስ ጥይት ውልብልቢቱን ሳይመታ እንዲያልፍ የሚያደርግ መሣሪያ የተገጠመላቸው አውሮፕላኖቹ በጦር ግንባር ታዩ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1919፣ ወደ አገሩ ተመልሶ በአምስተርዳም ሥራውን ቀጠለ። የሆላንድ አየር መንገድ ኬ.ኤል.ኤም. የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። የአየር መንገዱ የፎቶግራፍ ክፍል በ1920ዎቹ የአገሪቱን ከተሞች ከአየር ማንሣት ጀመረ።

የካሜራው ሥራ ጣሪያውን፣ ቦዩንና ጎዳናውን ከማንኛውም ሠዓሊ በበለጠ በትክክል ያሳያል። ከዚያ ከፍታ ሰውን መለየት ግን ያስቸግራል፤ በሩይስዳል ትንሽ ሸራ ላይ ጨርቁን የሚዘረጉት ሠራተኞች ዛሬም ይታያሉ።