ከጎሬ በቅሎ እስከ ክላውድ ራነር፦ የሥራ አቅምን የመግዛትና የመከራየት ታሪክ



ስለ ኮምፒውተር ኪራይ ለመናገር ከጎሬ መነሣቴ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ጎሬ ከመቱ በፊት የኢሉባቦር ዋና ከተማ፣ የቡና ንግድም ማዕከል ነበረች። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር የተፈራረሙት ውል አንቀጽ 4፣ በባሮ ወንዝ ዳር ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ቡናው ከደጋው በበቅሎና በሰው ሸክም ይወርዳል፤ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጓዛል። መርከቡ ግን የሚደርሰው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ የነጋዴው ሒሳብ ከባድ ነበር፦ ለጥቂት ወራት ጥድፊያ ስንት በቅሎ ይግዛ? የተገዛ በቅሎ ሥራ ሲፈታም ይበላል። የኪራይ በቅሎ ደግሞ ሁሉም በሚሻበት ሰሞን ይወደዳል።

ይህ ሒሳብ ዛሬ በሶፍትዌር ትምህርት ውስጥ እንደገና መጥቶብናል። ተማሪ ኮድ በላከ ቁጥር አንድ ማሽን ኮዱን ገንብቶ ይፈትሻል፤ ሥርዓቱ ኮንቲንዩየስ ኢንተግሬሽን፣ ሥራውን የሚያከናውነው ማሽን ደግሞ ራነር ይባላል። ከዚህ በኋላ ዘመኑን በእ.ኤ.አ. እቆጥራለሁ። ኮሱኬ ካዋጉቺ የጀመረው ሃድሰን፣ ከ2011 ወዲህ ጄንኪንስ የተባለው፣ በራስ ሰርቨር ላይ የሚተከል ነበር። አማዞን በ2006 ማሽንን በሰዓት ማከራየት፣ በ2009 ደግሞ ትርፍ አቅሙን በቅናሽ መሸጥ ጀመረ። ጊትሀብ በ2019 የራሱን ራነር በደቂቃ እያከራየ፣ ተጠቃሚው የራሱን ማሽን እንዲያገናኝም ፈቀደ።

በምሳሌ እናስላው። 20 የተማሪ ቡድኖች በቀን 10 ጊዜ ኮድ ቢልኩና እያንዳንዱ ፍተሻ 6 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በ22 የሥራ ቀናት 26,400 ደቂቃ ይሆናል። ጊትሀብ ለዝግ ፕሮጀክት በወር 2,000 ደቂቃ በነፃ ይሰጣል፤ ለሊኑክስ ራነር ለዓመታት ያስከፍል በነበረው 0.008 ዶላር ቀሪው 195 ዶላር ገደማ ይመጣል። ዶላር 57 ብር ሳለ ይህ 11 ሺህ ብር ግድም ነበር፤ የምንዛሪው ሥርዓት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ በኋላ በ120 ብር ስናሰላው ከ23 ሺህ ያልፋል።

ተመጣጣኝ የክላውድ ማሽን ራሳችን ተከራይተን ብናስተዳድርስ? በሰዓት 0.10 ዶላር ብንይዝ፣ ሥራው 440 ሰዓት ስለሆነ 44 ዶላር ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ደስ ብሏቸው ሒሳቡን ይዘጋሉ። ሆኖም አንድ ማሽን ብቻ ከሆነ በቀን የ20 ሰዓት ሥራ ይቆለልበታል፤ ተማሪዎቻችን ደግሞ የሚልኩት በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ነው፤ ይህን የሚክድ እጁን ያውጣ። ወረፋውን ለማቃለል 4 ማሽን ተከራይተን ወሩን ሙሉ ሳናጠፋ ብንተዋቸው 292 ዶላር ይሆናል፤ ካመለጥነው ዋጋ በላይ ማለት ነው። ሥራ የፈታው በቅሎ ገብስ የሚበላው እንዲህ ነው።

እንግዲህ እኔ የምመርጠው ወረፋ ሲረዝም የሚነሣ፣ ሲያልቅ ራሱ የሚጠፋ ማሽን ነው። በቅናሽ የሚሸጠው ትርፍ አቅም ዋጋው እስከ 90 በመቶ ይወርዳል፤ በ2 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ሊነጠቅ ቢችልም ፍተሻ እንደገና ሊጀመር ስለሚችል ጉዳቱ ቀላል ነው። ቤተ ሙከራ ያለ የራሳችን ኮምፒውተርም ለቀኑ መደበኛ ሥራ ይበቃል፤ መብራት ሲቋረጥ ግን አብሮ ይቆማል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ፕሮጀክት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ጊትሀብ መደበኛ ራነሮቹን ለእሱ በነፃ ይሰጣል፤ በራሳችን ማሽን ላይ ብናስኬደው ደግሞ የማናውቀው ሰው የላከው ኮድ በውስጥ መረባችን ውስጥ ሊሠራ ይችላል።

ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ ትቼዋለሁ፤ የቡድኖቹን ቁጥር ለውጣችሁ ደግማችሁ አስሉት። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።