መራራው ቅጠልና የአክስቴ ዓይን

ባለፈው ዓመት አቀስታ በሄድኩ ጊዜ አክስቴ ጋቢያቸውን ደርበው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የአቀስታ ብርድ እንኳን ለአረጋዊ ለጎረምሳም አይመች። ስገባ የለዩኝ በድምፄ ነው። ስኳር በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል፤ ዓይናቸው ጭጋግ የለበሰው ግን በቅርቡ ነው።

«ግራዋ ስኳሩን ይገድላል፣ ዓይንም ይከፍታል ይላሉ። አንተ መጽሔት ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ተመልሼ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ የአክስቴ ጥያቄ የሊቃውንትም ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1959 ሩት ቫን ሄይኒንገን የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪ ስኳር በሽታ በያዛቸው አይጦች የዓይን ሌንስ ውስጥ ሶርቢቶል ተከማችቶ አገኙ። ነገሩ እንዲህ ነው። አልዶዝ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም በሌንሱ ውስጥ የተረፈውን ስኳር ወደ ሶርቢቶል ይለውጠዋል። ሶርቢቶል ደግሞ አንዴ ከገባበት በቀላሉ የማይወጣ እንግዳ ነው፤ ውኃ ይስባል፣ ሌንሱ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይደፈርሳል። ታዲያ ኢንዛይሙን የሚገታ ነገር ቢገኝስ? በ1977 ጂን ኪኖሺታና ባልደረቦቻቸው ከዕፅዋት የሚገኘውን ኬርሲትሪን ዴጉ ለሚባሉ አይጥ መሰል የደቡብ አሜሪካ እንስሳት ሰጥተው፣ ሞራው እንዲዘገይ አደረጉ።

ዘገየ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም፤ ዴጉም ሰው አይደለም። በላቦራቶሪ የተሠራው ሶርቢኒል በሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1990 ሲታወቅ፣ የረቲናን ጉዳት ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልገታም።

እግረ መንገዴን እንዶዳችንን ላንሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር መሆኑን ተረዱ። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ለዚያውም ዓይን ውስጥ ለማይገባ፣ ወንዝ ውስጥ ለሚጨመር ፍሬ። ቅጠል ቀጥፎ መጭመቅ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ መጠኑን፣ ጉዳቱንና ፈውሱን መለየት ግን ዕድሜ ይጨርሳል።

ለአክስቴ ስልክ ደወልኩ። ግራዋው ከሐኪም ኪኒን ጋር ተደርቦ ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርደው እንደሚችል ነገርኳቸው። ጭጋጉ ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ረቲናው ከተጎዳ ግን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት፣ ደሴ እንውረድ አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ሐኪሙስ ምን ያጠጣኛል?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ዓይንዎን ያያል።»

«እሱስ ይየው፤» አሉ፤ «እኔ ነኝ እንጂ ማየት ያቃተኝ።»