ስኳሩ የት ቀረ? የድፍድፍ ውጤታማነት በቤት ውስጥ የቢራ ጠመቃ

ቢራ በቤቱ የሚጠምቅ ሰው ከድፍድፉ የተጠለለው ጭማቂ ካሰበው በላይ ሲቀጥንበት ብቅል መጨመር ይቀናዋል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን ስኳሩ የት እንደቀረ መለየት ይቀድማል የሚል ነው። ሳይለወጥ የቀረ ስታርችና ተለውጦ አተላ ውስጥ የቀረ ስኳር መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

የድፍድፍ ውጤታማነት የሚባለው ብቅሉ ሊሰጥ ከሚችለው ሟሚ ውስጥ ማፍያው ድስት የደረሰው ድርሻ ነው። 1 ኪሎ ነጣ ያለ የገብስ ብቅል 300 ያህል ነጥብ አለው፤ ነጥቡ የሚሰላው የጭማቂው አንጻራዊ እፍግታ ከ1.000 የሚበልጥበት መጠን በሺህ፣ ቀጥሎም በሊትር ተባዝቶ ነው። 5 ኪሎ ብቅል 1500 ነጥብ ይይዛል። 25 ሊትር ጭማቂ በ1.045 ከተገኘ 1125 ነጥብ፣ ማለትም 75 በመቶ ነው።

ስሌቱ ግን ልኬቱን ያህል ብቻ ይታመናል። በ20 ዲግሪ የተቃኘ ሃይድሮሜትር ይህንኑ ጭማቂ በ60 ዲግሪ ሙቀት 1.029 ገደማ ያነበዋል፤ ውጤታማነቱም 48 በመቶ መስሎ ይታያል። ናሙናውን ሳያቀዘቅዝ የለካ ጠማቂ ያልጠፋ ስኳር ፍለጋ ይገባል።

ልኬቱ ትክክል ከሆነ ምርመራው አተላው ውስጥ የቀረውን ስኳር በውሃ ከማጠቡ በፊት ይጀምራል። 5 ኪሎ ብቅል በ15 ሊትር ውሃ ተደፍድፎ ስታርቹ ሙሉ በሙሉ ከተለወጠ፣ በደንብ የተማሰለው ድፍድፍ ጭማቂ ወደ 1.085 ይጠጋል። እዚያ ከደረሰ ጉድለቱ ያለው በማጥለሉና በማጠቡ ላይ ነው። 1.070 ላይ ከቆመ ግን አፈጫጩ፣ ሙቀቱ፣ የአሲድነት ልኩ ወይም የቆይታው ጊዜ ይፈተሽ። ያልተሸረከተ ፍሬ ስታርቹን አይለቅም፤ ዱቄት እስኪሆን የተፈጨው ደግሞ ማጥለያውን ይደፍናል።

በመጀመሪያው ምሳሌ ግቡ 25 ሊትር በ1.050 ከነበረ 125 ነጥብ ይጎድላል። ለዕለቱ፣ መጠኑ ቢቀንስም፣ 2.5 ሊትር በማፍላት ማትነን ወይም 325 ግራም ያህል ስኳር መጨመር ይበቃል። ለቀጣዩ ጊዜ ብቅሉን 5.56 ኪሎ ማድረስ ይቻላል። ሆኖም እያንዳንዱ ኪሎ 1 ሊትር ገደማ ስለሚመጥ ለማጠቢያ የሚተርፈው ውሃ ያንሳል፤ ውጤታማነቱም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለጠንካራ ቢራ 75 በመቶን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል።

ስሌቱ ለጠላ በቀጥታ አይሠራም። ብቅሉ፣ እንኩሮውና ጌሾው አብረው ስለሚቆዩ ስታርቹ የሚለወጠውና ስኳሩ የሚብላላው ጎን ለጎን ነው፤ አስቀድሞ ለብቻው የሚለካ ጭማቂ የለም።

ለቢራ ጠማቂው ከጠመቃ ጠመቃ የማይዋዥቅ 70 በመቶ፣ አንዴ 85 አንዴ 65 ከሚሆን ውጤት ይሻለዋል፤ የሚመዝነውን ብቅል የሚያሰላው በዚህ ቁጥር ነውና።