አሰቦትና አሰበ ተፈሪ፦ የአንዲት ፊደል ነገር

በቀድሞው ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የወረደ መንገደኛ አዋሽን እንዳለፈ አሰቦት ጣቢያን ያገኝ ነበር። ከሚኤሶ ወደ ጨርጨር ደጋ የወጣ ደግሞ አሰበ ተፈሪ ይገባል። ስሞቹ ለጆሮ ወንድማማች ስለሚመስሉ አንዱን ከሌላው የሚያዛምድ አይጠፋም፤ ታሪካቸው ግን ለየቅል ነው።

አሰቦት ተራራ ነው። በላዩ ያለውን የደብረ ወገግ ሥላሴ ገዳም የመሠረቱት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙር አቡነ ሳሙኤል ዘወገግ እንደሆኑ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ በመካከሉ ከተራራው ሥር የቆመው ጣቢያ ስሙን ከተራራው ወሰደ።

አሰበ ተፈሪ ግን የራስ ተፈሪን ስም ይዞ የተወለደ ከተማ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨርጨር ለሌላው አርአያ የሚሆን ግዛት ይሁን ተባለና «ፋቡላ»ን የደረሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተሾሙበት፤ ኋላም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አስተዳደሩት። «አሰበ» ብለን ካነበብነው «ተፈሪ አሰበ» ማለት ይሆናል። በድሮ ጽሑፍ እንደሚገኘው «አስበ» ካልን ግን ቃሉ ግእዝ ነው፦ ዐስብ፣ ዋጋ፣ ምንዳ፤ ዐስበ ተፈሪ፣ የተፈሪ ምንዳ። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። አማርኛ ግሱን ከፊት አያስቀድምም፤ ኋላ የነገሡት ተፈሪም ቤተ መንግሥታቸውን «ገነተ ልዑል» ያሰኙት በዚሁ የግእዝ አገባብ ነው። ሳድስዋ «ስ» ግዕዝ ስትሆን ምንዳው ሐሳብ ሆኖ ቀረ።

ዙሪያውን ያለው ኦሮሞ ገበሬ ግን ቦታውን ጭሮ ይለዋል። የዚህን ገበሬ ቤት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የጭቃው ግድግዳና የሣር ክዳኑ ለዓይን ይቀድማሉ፤ የቤቱ ዋና ክፍል ግን የሚገኘው ከመሬት በታች ነው። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ የተቆፈረ ጉድጓድ ማሽላውን ይውጥና አፉ በአፈር ይደፈናል። አገዳው ከብት ይቀልባል፣ ምድጃ ያነዳል፣ አጥርና ግድግዳም ይሆናል። ለሐረር ሰንጋ የሚታጨደው ቅጠል ሳይቀር ከዚያው ማሳ ነው። ሥርዓት ቢለዋወጥም ይህ ቤት አብዛኛውን ጠባዩን ይዞ ቆየ፤ የባለቤቶቹ ስም ጭሮም ዛሬ የከተማው ይፋዊ መጠሪያ ሆኗል። የቀድሞ ሾፌሮችና ሽማግሌዎች ግን እስካሁን አሰበ ተፈሪ ነው የሚሉት።