ለሕያው የሚዋጣ እድር

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። እኔ ያደግሁበት ግቢ በ2017 ዓ.ም. ከሠፈሩ ጋር ፈረሰ። የጎረቤታችን ልጅ ግን ያለፈው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። የሳንባ ምቹ ለቀቀው ሲባል ጆሮው ይመግላል፤ ጆሮው ደረቀ ሲባል ሳንባው ያገረሽበታል። እናቱ ከሐኪም ቤት ወደ ጠበል፣ ከጠበል ወደ ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ኖረው ቀበሩት። እድሩ ድንኳን ተከለ። የበሽታውን ስም ግን የነገራቸው አልነበረም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 አሜሪካዊው ሐኪም ኦግደን ብሩተን ስላከሙት የስምንት ዓመት ልጅ ሳነብ ያ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ 19 ጊዜ ደሙ በጀርም ተመርዟል። ዶክተር ብሩተን ደሙን ቢያስመረምሩ፣ ሰውነት በሽታን የሚመክትበት ጋማ ግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲን ጨርሶ ታጣ። ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራውን በየወሩ ከቆዳው ሥር ቢወጉት ያ መከራ ቆመለት። ፕሮቲኑን ለይቶ የማውጣቱን ዘዴ የሐርቫርዱ ኤድዊን ኮን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቀይሰውት ነበር።

መድኃኒቱ የጎደለውን ይተካል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ይወስዱታል። አንዱን ዙር ለማምረት ቢያንስ የ1,000 ሰዎች የደም ፈሳሽ፣ ማለትም ፕላዝማ፣ ይቀላቀላል።

እኔም ከካዛንቺስ ወርጄ ስታዲዮም አካባቢ ደም ሰጥቻለሁ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንኩን ያቋቋመው እንደ አውሮፓውያን በ1969 ሲሆን፣ በ2012 አገልግሎቱ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል። የምንሰጠው ደም በወሊድ ለሚደሙ እናቶችና በአደጋ ለቆሰሉ ይደርሳል። ከፕላዝማው ግን ይህን መድኃኒት የሚያወጣ ፋብሪካ በአገራችን የለም፤ መድኃኒቱ ከውጭ በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ፣ በቅዝቃዜ ተጠብቆ መምጣት አለበት።

የጓደኛዬ ሕመም ያው ይሁን አይሁን ዛሬ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ታዲያ ልጅ እየዳነ መልሶ ሲታመም “ለምን?” ብሎ ደሙን የሚያስመረምር ሐኪም ያስፈልጋል። የሠፈራችን እድር ለሞተ ያዋጣል፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ የማይተዋወቁ ሺህ ሰዎች ለአንድ ሕያው የሚያዋጡት እድር ነው። ያቺ እናት የቀረባቸው ይኸኛው ነበር።