የሚጥል በሽታና ትንፋሽ፦ የቡታጅራው ጥናት ሲታወስ
ከወላይታ ሶዶ በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በሚያልፍባት ቡታጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራ ጥናት ከ60,820 ነዋሪዎች መካከል 316 የሚጥል በሽታ ሕሙማንን አገኘ። በዘመናዊ መድኃኒት የታከሙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ተከታይ ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ነዋሪዎች፣ በሽታው በሚጥልበት ጊዜ ሕመምተኛውን የነካ ይያዛል ብለው እንደሚያምኑ ገለጸ። የዚህ ፍርሃት ጉዳት ከመገለልም ያልፋል።

ፈረንሳዊው ለጋልዋ የአተነፋፈስ ማዕከል በአንጎል ግንድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1812 ካሳወቀ ከሁለት ምዕት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በክትትል ላይ ሳሉ በድንገት የሞቱ ሕሙማንን መዝገብ መረመረ። በተሟላ መልኩ በተመዘገቡት 10 ሕሙማን ሁሉ ከልብ አስቀድሞ የቆመው ትንፋሽ ነበር፤ አብዛኞቹም በደረታቸው ተደፍተው ነበር። በጎን የሚያስተኛ እጅ በሚያስፈልግባቸው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች፣ በቡታጅራ ብዙው ጎረቤት ለመንካት ይፈራ ነበር።